አንቺሆዬን የሚያውቅ ጆሮ ብላክ ሳባዝን እንዴት ይስማ?

ጎንደር ውስጥ ጊታር የማስተምራቸው ልጆች ብዙዎቹ ሜታሊካ የሚባለውን የአሜሪካ ባንድ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ስልካቸውን ከፍተው «ጋሼ፣ ይቺን አስጠናን» ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ግን ሜታሊካን ከመንካታችን በፊት አንድ አልበም አብረን ቁጭ ብለን እንሰማለን። ብላክ ሳባዝ የተባለው ባንድ የመጀመሪያ ሥራ ነው። እንግሊዝ አገር የካቲት 6 ቀን 1962 ዓ.ም. ወጣ፤ በፈረንጆቹ ፌብሯሪ 13 ቀን 1970 መሆኑ ነው። የአልበሙም ስም ብላክ ሳባዝ ነው፤ የመጀመሪያው ዘፈንም እንደዚያው።

ለምን ከእሱ እንጀምራለን? ከእሱ በፊትም ጊታር ጮክ አድርገው የሚጫወቱ ነበሩ። ክሪም ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስ ነበር። ሌድ ዜፔሊን ነበር። እነዚህ አራት የበርሚንግሃም ልጆች ግን ያንን ጩኸት ዝግ አደረጉት፣ አከበዱት፣ ፍርሃት ጨመሩበት። ዛሬ ሜታል ብለን የምንጠራው ከባድ የሮክ ሙዚቃ ሁሉ በቅርብም ይሁን በሩቅ ከዚህ አልበም ጋር ይዛመዳል። እኔ ደግሞ አጥብቄ የማምነው ነገር አለ። ጎንደር ያደገ ጆሮ ለዚህ አልበም ባዕድ አይደለም። በሰርግ አንቺሆዬን፣ በሁዳዴ በገናን እየሰማ ያደገ ሰው ግማሹን መንገድ ሳያውቀው ሄዷል። የቀረውን ግማሽ እንዴት እንደሚሄድ ነው ዛሬ የምጽፈው።

ከመጀመራችሁ በፊት

አልበሙ 38 ደቂቃ ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ ስሙት። እየቆራረጡ መስማት ለሌላ አልበም ይሆናል፤ ይሄ ግን ስሜቱ ቀስ ብሎ የሚገነባ ነው፤ በመሀል ማስታወቂያ ከገባበት ይበላሻል። ኔትወርክ የሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆናችሁ ዋይፋይ ስታገኙ ኦፍላይን አስቀምጡት። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ስልካችሁን ቀድማችሁ ቻርጅ አድርጉ።

በስልክ ስፒከር አትስሙት። ይሄን አጥብቄ ነው የምለው። የጊዘር በትለር ቤዝ ጊታር የአልበሙ ግማሽ አካል ነው፤ በስልክ ስፒከር ግን ጭራሽ አይሰማም። መካከለኛ ኢርፎን ይበቃል። ቤት ውስጥ ጂፓስ ካለ ደግሞ ቤዙን ከመጠን በላይ አትክፈቱት፤ ያኔ ጊታሩን ይውጠዋል።

ሌላም ምክር አለኝ። አልበሙ የሚጀምረው በዝናብ ድምፅ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ የምትሰሙት ከሆነ የእናንተ ዝናብ የቱ ጋ እንዳበቃ፣ የእነሱ የቱ ጋ እንደጀመረ አታውቁም። ዶፉ እስኪያባራ ጠብቁ።

ሁለት ዓይነት ቅጂ እንዳለም እወቁ። የእንግሊዙ ላይ «ኢቭል ውማን» የሚል ዘፈን አለ። የአሜሪካው ላይ በእሱ ቦታ «ዊክድ ወርልድ» ገብቷል። «ኢቭል ውማን» ክሮው ከሚባል የአሜሪካ ባንድ የተወሰደ ነው። የራሳቸውን ሥራ መስማት ከፈለጋችሁ የአሜሪካውን ምረጡ። እኔ ለተማሪዎቼ የማሰማው እሱን ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን፦ እዚህ ጋ ረጋ በሉ

ዝናብ ይዘንባል። ከሩቅ ደወል ይሰማል። ዝናቡንና ደወሉን በኋላ የጨመረው ፕሮዲውሰሩ ሮጀር ቤይን ነው። ከዚያ ጊታሩ ይገባል። ሦስት ድምፅ ብቻ ነው። ወፍራም ጂ፣ ቀጥሎ ከላይ ያለው ጂ፣ ቀጥሎ ሲ ሻርፕ። ጊታሪስቱ ሲ ሻርፑ ላይ ጣቱን እያንቀጠቀጠ ይቆያል። ደግሞ ከመጀመሪያው።

በጊታር እንዲህ ተጫወቱት። ወፍራሙ ክር ላይ 3ኛው ፍሬት (ፍሬት የጊታሩ አንገት በብረት የተከፋፈለበት ቦታ ነው)። ከቀጭኑ ቆጥራችሁ አራተኛው ክር ላይ 5ኛው ፍሬት። ከዚያ አምስተኛው ክር ላይ 4ኛው ፍሬት፤ እዚያው ክር ላይ ሌላ ጣት ወደ 5ኛው ፍሬት እያመላለሳችሁ አንቀጥቅጡት። በቃ። ጊታር በጀመራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ልትመቱት ትችላላችሁ። ጣት ላይ ቀላል ነው። የሚከብደው አለመቸኮል ነው። ልጆቹ ሁሉ ያፈጥኑታል። እኔ «ቆይ፣ ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቅ» እላለሁ። በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ መታገሥ የቻለ ልጅ ዘፈኑን ችሎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከጂ እስከ ሲ ሻርፕ ያለው ርቀት ስድስት ግማሽ ድምፅ ነው፤ አንድ ግማሽ ድምፅ ማለት አንድ ፍሬት ነው። ኦክታቩ፣ ማለትም ከአንድ ጂ እስከ ቀጣዩ ጂ ያለው ርቀት፣ አሥራ ሁለት ግማሽ ድምፅ ስለሆነ ልክ እኩሌታው ላይ ያርፋል። ይሄ ርቀት ትራይቶን ይባላል። ጆሮ ሲሰማው ማረፊያ ያጣል፤ ወደ አንድ ወገን እንዲያጋድል ይፈልጋል። የድሮ አውሮፓ የሙዚቃ መምህራን ከሰይጣን ጋር ያያይዙት ነበር። በትለር የጉስታቭ ሆልስትን «ማርስ» የሚባል የኦርኬስትራ ሥራ ይወድ ነበር፤ እዚያም ውስጥ ይሄው ርቀት አለ። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ የዚህን ዘፈን ሪፍ (እየተደጋገመ የሚመጣውን የጊታር ሐረግ) ያመጣው በትለር ያንን በቤዝ ሲነካካ ከሰማ በኋላ ነው።

እንግዲህ ክራር ያላችሁ ክራራችሁን አንሡ። አንቺሆዬ ላይ ቃኙት። አንቺሆዬን በጊታር ፍሬት ስንለካው ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ አንድ ግማሽ ድምፅ፣ ከዚያ አምስተኛው፣ ከዚያ ስድስተኛው፣ ከዚያ ዘጠነኛው ግማሽ ድምፅ ላይ ያርፋል። መነሻችንን ጂ ካደረግን ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኢ ማለት ነው። ዲ ፍላት ማለት ደግሞ ሲ ሻርፕ ነው። አያችሁ? መነሻ ድምፁን ምቱ። ኦክታቩን ምቱ። ከዚያ የአንቺሆዬን አራተኛ ድምፅ ምቱና ያዙት። የብላክ ሳባዝ ሪፍ ነው። ሦስቱም ድምፆች በክራራችሁ ላይ ድሮም ነበሩ።

ይሄን ለተማሪዎቼ ሳሳያቸው ፊታቸው ላይ የማየው ነገር ማስተማር እንድወድ ካደረጉኝ ምክንያቶች አንዱ ነው። እነሱ ፈርተው የሰሙት ድምፅ እኮ እኛ ዘንድ ሰርግ ላይ ይዘፈናል! አዝማሪው ማሲንቆውን አንቺሆዬ ላይ አድርጎ ሙሽራ ያወድስበታል፤ ሰው እስክስታ ይወርድበታል። የአዝማሪዎቹ መንደር ቡርቧክስ ሄዳችሁ ማንኛውንም አዝማሪ ብትጠይቁት በአንቺሆዬ ሲጫወት ያመሽላችኋል። ድምፁ ብቻውን አያስፈራም ማለት ነው። የሚያስፈራው አቀማመጡ ነው። አዮሚ ሌሎቹን የስኬሉን ድምፆች አውጥቶ ጣላቸው። ሁለቱን ተፋጣጮች ብቻ አስቀረ። ፍጥነቱን ገደለው። ድምፁንም አወፈረው። ያ አልበም ለሜታል ያወረሰው ይሄንን አሠራር ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ድምፅ ወስዶ ጥቂቱን ብቻ አስቀርቶ ማክበድ።

ዘፈኑ እንዲሁ እየተጎተተ እስከ መጨረሻው አይሄድም። ከአራት ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ ድንገት ይጋልባል። እዚያ ጋ ስትደርሱ የቢል ዋርድን ድራም ስሙ። ዋርድ የጃዝ ድራመሮችን እየሰማ ያደገ ሰው ነው፤ በተለይ ጂን ክሩፓን። ለዚህ ነው ድራሙ ከባድ ሆኖ የማይደርቀው።

ስለ ወፍራሙ ድምፅ

የኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት እንዲህ ይንጎራጎራል ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል። ሲቆረጥ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበሩ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ዲስቶርሽን የምንለው እሱን ነው። አዮሚ ሌኒ የሚባል አምፕ ይጠቀም ነበር፤ እዚያው በርሚንግሃም የሚሠራ። ከአምፑ በፊት ደግሞ ድምፁን የምታጎላ ትንሽ ሣጥን ነበረችው።

በገና አጠገብ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ይሄ አይከብዳችሁም። የበገና አሥር ክሮች በድልድዩ ላይ ሲያልፉ በየሥራቸው ትንንሽ ቆዳ ይገባባቸዋል። እንዚራ ይባላል። ደርዳሪው እንዚራውን ወደፊትና ወደኋላ እያለ ክሩ ድልድዩን በስሱ እንዲነካ ያደርገዋል። ያ የሚነዝር፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንዚራው ከሌለ በገና ሌላ መሣሪያ ይሆናል። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ከዘፈን ጋር አንድ ላይ ልደምረው አልፈልግም። የምናገረው ስለ ድምፁ አወጣጥ ብቻ ነው። ንጹሑን ክር ሆን ብሎ ማስነዘር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ መቆየት፣ አለመቸኮል፤ ይሄን ጆሯችን ያውቀዋል።

አኩስቲክ ጊታር ብቻ ያላችሁ አትከፉ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ ያላቸው እሱ ነው። የቀኝ መዳፋችሁን ጠርዝ ድልድዩ ላይ በስሱ አሳርፉና ወፍራሞቹን ክሮች ወደታች ብቻ ምቱ። ድምፁ አጭርና ድፍን ይሆናል። አልበሙ ላይ ላለው «ኤን አይ ቢ» ለሚባለው ዘፈን ሪፍ በደንብ ይሠራል።

ጣቶቹ

ይሄን ታሪክ የማልነግረው ተማሪ የለኝም። አዮሚ ግራኝ ነው። ክሩን የሚጫነው በቀኝ እጁ ነው። በ17 ዓመቱ የብረት ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የቀኝ እጁን የመሀልና የቀለበት ጣት ጫፍ ቆረጠው። ተስፋ ቆርጦ እያለ የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ዲስክ አሰማው። ጃንጎ በእሳት አደጋ ሁለት ጣቶቹ ከጥቅም ውጭ ሆነውበት እንኳ ዓለም ያደነቀው ጊታሪስት ነው። አዮሚ ያንን ሲሰማ ተነሣ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ። በላዩ ቆዳ ለጠፈበት። በዚያ ቆብ ነው ይሄ አልበም የተጫወተው።

ጫፉ የተቆረጠ ጣት ወፍራም ክር መጫን ያመዋል። ያኔ ቀጭን የጊታር ክር እንደልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ የባንጆ ክር ገዝቶ ጊታሩ ላይ አሠረ። በፈረንጆቹ 1971 (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩባቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው) በወጣው ሦስተኛው አልበማቸው «ማስተር ኦፍ ሪያሊቲ» ላይ ደግሞ አንድ እርምጃ ሄደ፤ ጊታሩን ሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጎ ቃኘው። ክሩ ሲላላ ለጣት ይለሰልሳል። ድምፁም ይወፍራል። በትለርም ቤዙን አብሮ አወረደ። ዛሬ በየአገሩ ብዙ የሜታል ባንድ ጊታሩን ዝቅ አድርጎ ይቃኛል። መነሻው የአንድ የፋብሪካ ልጅ የጣት ሕመም ነው።

ልትሞክሩት ከፈለጋችሁ ስልካችሁ ላይ የቱነር አፕ ጫኑ። ከወፍራሙ ክር ጀምራችሁ ሲ ሻርፕ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ፣ ኢ፣ ጂ ሻርፕ፣ ሲ ሻርፕ አድርጉት። ስትጨርሱ ወደ መጀመሪያው ቅኝት ስትመልሱት ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ያረጀ ክር ድንገት ሲጠብቅ ይበጠሳል፤ ጎንደር ላይ ደግሞ ነጠላ ክር ማግኘት ሁሌ አይሳካም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲኖር ቢያንስ አንድ መለዋወጫ ሙሉ ክር አስመጡ። የመጀመሪያውን አልበም ዘፈኖች ለመጫወት ግን ክሩን ማላላት አያስፈልጋችሁም፤ በመደበኛው ቅኝት የተቀዱ ናቸው።

አቀዳዱም ቢሆን ትምህርት ነው። ኦክቶበር 16 ቀን 1969 ለንደን ውስጥ ሪጀንት ሳውንድ የሚባል ስቱዲዮ ገቡ። በአንድ ቀን ጨረሱት። ክለብ ውስጥ እንደሚጫወቱት ሁሉ አብረው እየተጫወቱ ቀዱት። የአዮሚ የፌንደር ጊታር መሀል ላይ ተበላሸበት፤ በመጠባበቂያነት የያዘውን ጊብሰን ኤስጂ አነሣ። ከዚያ በኋላ መለያው ሆኖ ቀረ። እናንተም ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትቀዱ አንድ ክፍል ውስጥ ሆናችሁ፣ ስልኩን መሀል አስቀምጣችሁ፣ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ተጫወቱት። አንዱን መሣሪያ ለብቻው ቀድቶ መገጣጠም በኋላ ይደርሳል።

የቀሩት ዘፈኖች

«ዘ ዊዛርድ» በሃርሞኒካ ይጀምራል። ሃርሞኒካውን የሚነፋው ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ነው። ብሉዝ የአልበሙ አባት መሆኑ በግልጽ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። ይሄ ባንድ በፊት ኧርዝ ይባል ነበር፤ ሥራውም ብሉዝ መጫወት ነበር።

«ኤን አይ ቢ» ላይ ቤዙ ብቻውን ይገባል። ቤዝ የምትጫወቱ ልጆች፣ ይሄ የእናንተ ነው። ከዚያ የሚመጣው ሪፍ ከሁሉም በላይ ቶሎ የሚያዝ ነው። ሌላውን ሳትጨነቁ ስሙት። መጨረሻ ላይ ያለው «ዋርኒንግ» የሰው ዘፈን ነው፤ ረጅም የጊታር ሶሎ አለበት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው ቢሰለቸው አልፈርድበትም። ሶሎ የምትለማመዱ ግን አትለፉት።

እማዬ ብትጠይቅስ?

እኛ ያለነው ጎንደር ነው። የባንዱ ስም፣ የሽፋኑ ሥዕል፣ ጥቁር የለበሰችው ሴት፤ ይሄን ሁሉ ያየች እናት «ልጄ ምን ውስጥ ገባብኝ?» ብላ ብትጠይቅ ልክ ናት። ጥያቄዋን አታጣጥሉ። ቁጭ ብላችሁ አስረዷት። እኔ ቤት የመጡ ወላጆችን የማስረዳው እንዲህ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን ሰይጣንን አያወድስም። ጥቁር ነገር ፊቱ የቆመበት ሰው እግዚአብሔርን «እርዳኝ» እያለ የሚለምንበት ነው። ስሙን የወሰዱት ከአንድ አስፈሪ ፊልም ነው። ግጥሞቹን በብዛት የጻፈው በትለር ከካቶሊክ ቤተሰብ የወጣ ነው። በሦስተኛው አልበም ላይ «አፍተር ፎረቨር» በሚለው ዘፈን ስለ እምነት ጽፏል፤ የሚያፌዙ ሰዎችን ይወቅስበታል። አንገታቸው ላይ የሚያደርጉትን መስቀል የሠራላቸው የኦዚ አባት ነው፤ የብረት ባለሙያ ነበር። በአልበሙ የውስጥ ገጽ ላይ የተዘቀዘቀ መስቀል አለ። እሱን ያስገባው የዲስክ ኩባንያው ነው፤ ባንዱ ሳያውቅ። ከእነሱ በኋላ ግን ሆን ብለው እምነትን የሚሳደቡ የሜታል ባንዶች መጥተዋል። ይሄንንም አልደብቅም። ለወላጅ ሁሉም አንድ ነው ብሎ መዋሸት አያስፈልግም። የትኛውን ባንድ እንደምትሰሙ፣ ምን እንደሚል፣ ግጥሙን አንብባችሁ እወቁ።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሥርዓት ይኑራችሁ። በሁዳዴ ጂፓስ ከፍቶ ግቢውን ማናወጥ ነውር ነው። አያት የሚጸልዩበት ሰዓት አለ። ኢርፎን የተሠራው ለዚህ ነው።

አሻራውን መከተል

አልበሙን ከወደዳችሁ በኋላ ዝም ብላችሁ ሌላ ባንድ አትክፈቱ። ከእያንዳንዱ የሳባዝ ባሕርይ አንድ መስመር ይዛችሁ ሂዱ። እኔ ሦስት መስመር እከተላለሁ።

የመጀመሪያው የዝግታው መስመር ነው። ዱም ሜታል ይባላል። የአሜሪካው ሴንት ቫይተስ ስሙን የወሰደው ከአንድ የሳባዝ ዘፈን ነው። የእንግሊዙ ኤሌክትሪክ ዊዛርድ ደግሞ ከሁለት ዘፈኖቻቸው ስም ቆርጦ ቀጠለው። ከዚያ በፊት የስዊድኑን ካንድልማስ የ1986 አልበም ስሙ፤ የመጀመሪያው ዘፈን ዝግታ እንዳለ እዚያ አለ። በ1994 የተለያዩ ባንዶች የሳባዝን ዘፈኖች ተጫውተው አንድ አልበም አውጥተዋል። እዚያ ላይ ታይፕ ኦ ኔጋቲቭ የመጀመሪያውን ዘፈን ጭራሽ አዝግሞ ይጫወተዋል። ሁለቱን ተራ በተራ ስሙና ልዩነቱን ጻፉ። ይሄን ለተማሪዎቼ የቤት ሥራ አድርጌ እሰጣለሁ።

ሁለተኛው የፍጥነቱ መስመር ነው። የመጀመሪያው ዘፈን መጨረሻ ላይ ያለውን ግልቢያ አስታውሱ። ከዚያ የጁዳስ ፕሪስትን «ብሪቲሽ ስቲል» ስሙ፤ በ1980 የወጣ ነው። እነሱም የበርሚንግሃም አካባቢ ልጆች ናቸው። የዚያ አልበም ፕሮዲውሰር ቶም አሎም በሳባዝ የመጀመሪያ አልበም ላይ የድምፅ ኢንጂነር የነበረው ሰው ነው። ስለዚህ ዝምድናው በጆሮ ብቻ የሚገመት አይደለም፤ በሰውም ይያያዛል። ከዚያ ሜታሊካ። ሜታሊካ በ1998 «ሳብራ ካዳብራ» የሚለውን የሳባዝ ዘፈን ተጫውቷል። ሳባዝ በ2006 ወደ ሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ ሲገባ መድረክ ላይ ቆመው የተቀበሉትም የሜታሊካ ልጆች ናቸው። ስሌየር የሚባለው ባንድ ደግሞ በ1998 አንድ አልበሙን በትራይቶኑ የጥንት ስም ሰይሞታል። አንቺሆዬን ይዛችሁ ስሌየርን ብትሰሙ የት የት እንደተደበቀ ታገኙታላችሁ።

ሦስተኛው የዝቅተኛ ቅኝት መስመር ነው። ሳውንድጋርደንና አሊስ ኢን ቼይንስ የዚህ ልጆች ናቸው። ሁለቱም የሲያትል ናቸው። ጉልበቱ እንደ ሳባዝ ነው፤ ዜማው ግን የራሳቸው።

አፍሪካንም አትርሱ። ቦትስዋና ውስጥ ሜታል ሕይወት ያለው ነገር ነው። ረስት፣ ኦቨርትረስት፣ ስኪንፍሊንት የሚባሉ ባንዶች አሉ። አድናቂዎቻቸው ቆዳ ለብሰው፣ የካውቦይ ባርኔጣ አድርገው ይወጣሉ። ከእኛ አገር ደግሞ ጃኖ ባንድን ስሙ። «ኤርታሌ» የሚለው አልበማቸው ላይ ከባድ የኤሌክትሪክ ጊታር በእኛ ቅኝት ይጫወታል። ጃኖዎች ከሳባዝ ቀዱ ማለቴ አይደለም። ግን ሳባዝን ሰምታችሁ ስትመለሱ የጃኖ ጊታር ሌላ ሆኖ ይሰማችኋል።

አሻራው ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ቀን ማየት የሚፈልግ የመጨረሻውን ኮንሰርታቸውን ቪዲዮ ይፈልግ። ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ስታዲየም። አራቱም የመጀመሪያዎቹ አባላት ተገኝተዋል። ከእነሱ በፊት ሜታሊካ፣ ስሌየር፣ ቱል፣ አሊስ ኢን ቼይንስ፣ የፈረንሳዩ ጎጂራ፣ ሌሎችም ተራ በተራ ወጥተው የሳባዝንም የራሳቸውንም ተጫውተዋል። ኦዚ ቆሞ መዝፈን ስላልቻለ ወንበር ላይ ሆኖ ዘፈነ። ሐምሌ 15 ቀን አረፈ። ቪዲዮውን ስታዩ ዘፋኙን ብቻ አትመልከቱ። የአዮሚን ቀኝ እጅ ተመልከቱ። ቆቦቹ ይታያሉ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መጫወት ነው። ሦስት ሆናችሁ ሞክሩት። አንዱ ጊታር፣ አንዱ ክራር ወይም ማሲንቆ፣ አንዱ ከበሮ። ከበሮው ረገብ ያለ ምት ይያዝ፤ ጊታሩ ሦስቱን ድምፆች ያመላልስ። ክራሩ መጀመሪያ አብሮት ይሂድ። ከዚያ አዮሚ ያወጣቸውን የአንቺሆዬ ድምፆች አንድ በአንድ ይመልስ፤ መጀመሪያ ኤ ፍላትን፣ ቀጥሎ ሲን፣ በመጨረሻ ኢን። የቱ ድምፅ ሲገባ ፍርሃቱ እንደሚጠፋና ሰርጉ እንደሚመጣ ተስማሙ። ተማሪዎቼ በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገን ሆነው ይከራከራሉ። እኔ ሲ ሲገባ ነው እላለሁ።